ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ፤ ግን የትኞቹ ሁለት?

ከሚሴን በመኪና ያለፈ ሰው ሙቀቷን አይረሳትም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ የጣርማበርን ብርድ ትወርዳላችሁ፤ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን ታልፋላችሁ። ከዚያ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መስኮቱን ስትከፍቱ ፊታችሁን የሚለበልባችሁ ወላፈን የኛ ከተማ ሰላምታ ነው። እኛ ጋ እንግዳ ቁጭ ሳይል የሚጠይቀው "ቀዝቃዛ ውሃ አለ?" ብሎ ነው። ስለዚህ ስለ ቅዝቃዜ ታሪክ ለመጻፍ ከኛ የተሻለ ማን አለ?

አክስቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ "ሲስተር" ነው የሚላት፤ እኔም ልጅ ሆኜ ስሟ ይመስለኝ ነበር። ጤና ጣቢያው አንድ አሮጌ የክትባት ፍሪጅ ነበረው፤ በቆመ ባልቆመ ቁጥር ሁሉም ይሳቀቃል። አንድ ዓመት ላይ ሁለተኛ ፍሪጅ መጣ። ደስታ ሆነ። የመድኃኒት ክፍሉ ሠራተኛ "በቃ፣ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ!" ብሎ ሳቀ። ተረቱም ልክ ለዚያ ቀን የተተረተ መሰለ። ሁለቱ ፍሪጆች ጎን ለጎን ቆሙ። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ኤክስቴንሽን ተገዛ።

ቀጥሎ የሆነውን ገምታችኋል። አንድ ዓርብ ማታ ኤክስቴንሽኑ ቀለጠ። ቅዳሜና እሑድ ማንም በሩን አልከፈተም። ሰኞ ጠዋት አክስቴ ስትገባ የሁለቱም ፍሪጆች ቴርሞሜትር እኩል 24 ዲግሪ ያሳያል። ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ውጭ ዛፉ ሥር እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ።

አክስቴ ክትባቱን ሁሉ ለብቻ አድርጋ "እንዳይነካ" የሚል ወረቀት ለጠፈችበት፤ ከዚያ ወጥታ "ዛሬ ክትባት የለም" አለች። አንዲት እናት ሌሊት ተነስታ በእግሯ የመጣች ነበረች። "ኧረ ሲስተርዬ፣ እንደው ለዚህች ለአንዷ ብቻ!" ብላ ለመነቻት። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ዓርብ የነበረውን ይመስላል፤ ቀለሙም ያው፣ ሽታውም ያው። ብትወጋት ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። እናትየውም ደስ ብሏት ትሄድ ነበር፤ ልጅቷ ግን ያልተከተበች የተከተበች ሆና ትቀር ነበር።

አክስቴ ይህን ታሪክ ስትጨርስ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር አለ፦ "ሁለት ፍሪጅ አልነበረንም እኮ። አንድ ፍሪጅ በሁለት በር ነበር ያለን።"

እኔ ደግሞ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ይዤ ዓመታት ዞርኩ። ቅዝቃዜን በማሽን መሥራት ከተጀመረ ጀምሮ ሰዎች ሲታገሉበት የኖሩት ጥያቄ እሱው ሆኖ አገኘሁት፦ ጠባቂው ቢተኛ ማን ይጠብቃል? ሁለተኛው ጠባቂስ በመጀመሪያው እንቅልፍ እንዳይተኛ ምን ይደረግ?

* * *

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ጠባቂው መጣ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኮርኔሊስ ድሬበል የሚባል ሆላንዳዊ ፈልሳፊ እንቁላል የሚፈለፍል ምድጃ ሠራ። ሙቀቱ ሲጨምር በውስጡ ያለው ፈሳሽ ይነፋና የአየር መግቢያውን ይዘጋል፤ እሳቱ ይቀንሳል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ይከፍታል። ሰው ሳይነካው ራሱን የሚቆጣጠር ሙቀት ማለት ነው። "ቴርሞስታት" የሚለው ስም እንኳ የወጣለት ከዚያ 200 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

ቅዝቃዜን ትልቅ ኢንዱስትሪ ያደረገው ግን ቢራ ነው። በጀርመን ባቫሪያ እ.ኤ.አ. ከ1553 ጀምሮ በበጋ ቢራ መጥመቅ በሕግ ተከልክሎ ነበር፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል እስከ ቅዱስ ሚካኤል በዓል ድረስ ጋን አይነሳም። ምክንያቱ ሙቀት ነው፤ በሙቀት የተጠመቀ ቢራ ይበላሻል። ጠማቂዎች በክረምት ከሐይቅ በረዶ እየቆረጡ ምድር ቤት ያከማቹ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ካርል ፎን ሊንደ የሚባል የሙኒክ መምህር በቢራ ጠማቂዎች ገንዘብ የማቀዝቀዣ ማሽን ሠራ፤ በ1876 ደግሞ በአሞኒያ የሚሠራውን አመጣ። ከዚያ በኋላ ቢራ ወቅት አልጠበቀም።

ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከከሚሴ ወደ ሰሜን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብትነዱ ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ የቢራ ፋብሪካ አለ። ልጅ ሆነን በዚያ ስናልፍ ትልልቆቹን ጋኖች እያየን "ውስጡ ምን ያህል ይበርዳል?" እንባባል ነበር። ላገር ቢራ ከፈላ በኋላ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ለሳምንታት ይተኛል። መሀል ላይ ማቀዝቀዣው ቢቆም የሚጠፋው አንድ ሳጥን አይደለም፤ ጋኑ ሙሉ ነው።

አሞኒያ እስከ ዛሬ በትልልቅ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ የሚወደደው በምክንያት ነው። ርካሽ ነው፤ ሙቀት በመሸከም ጎበዝ ነው፤ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ግን ካመለጠ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። ስለዚህ ኢንዱስትሪው ጠባቂን በጠባቂ ላይ መደረብ ተማረ። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ የአሞኒያ ክፍል ውስጥ ብትገቡ የምታገኙት ይህን ነው።

የመጀመሪያው ጠባቂ ኮምፒውተሩ ነው። ሙቀትና ግፊት እያነበበ ኮምፕሬሰሮቹን ያስነሳል፣ ያቆማል። ሁለተኛው ከኮምፒውተሩ ጋር ምንም የማይነጋገር የግፊት ማቋረጫ ነው፤ ግፊቱ ከልኩ ሲያልፍ ማንንም ሳይጠይቅ የኮምፕሬሰሩን ኮረንቲ ይቆርጣል። ሦስተኛው ኮረንቲ የሚባል ነገር ከነጭራሹ የማያውቅ ነው፤ ስፕሪንግ ያለው የማስተንፈሻ ቫልቭ። መብራት ቢጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ቢያብድ፣ ማቋረጫው ቢጣበቅ፣ ግፊቱ ራሱ ስፕሪንጉን ገፍቶ ይከፍተዋል።

አስተውሉ፤ ሦስቱ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ በፕሮግራም ስህተት ሊሞት ይችላል፤ አንዱ በዝገት፤ አንዱ በአቧራና በእርጅና። የአንዱ ሞት ለሌላው ሞት አይሆንም። የአክስቴ ሁለት ፍሪጆች ያጡት ይህን ነው። ሁለቱም የተንጠለጠሉት በአንድ ገመድ ነበር።

መሐንዲሶቹ ሌሎች ሁለት ነገሮችም ተምረዋል። አንደኛው ስለ ምስክር ነው። አንድ ቴርሞሜትር ቢዋሽ አታውቁም። ሁለት ሆነው አንዱ 4 ሌላው 11 ቢል ጠብ እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ማን እንደዋሸ ግን አታውቁም። ሦስተኛ ሲጨመር ሁለቱ የተስማሙበት ይያዛል። ሁለተኛው ስለ ተራ ነው። ሁለት ኮምፕሬሰር ያለው ሰው አንዱን ሁልጊዜ እያሠራ ሌላውን "ለክፉ ቀን" ቢያስቀምጠው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የተቀመጠው አይነሳም። ዘይቱ ወርዷል፣ ጎማው ደርቋል፣ አይጥ ሽቦውን በልቶታል። ስለዚህ ተራ ያስገቧቸዋል፤ አንድ ጊዜ ይሄ ይመራል፣ ሌላ ጊዜ ያ። ተጠባባቂ በሥራ ካልተፈተነ ተጠባባቂ አይደለም፤ ዕቃ ነው።

* * *

"ሁለት ተመሳሳይ ካደረግን ይበቃል" የሚለው ሐሳብ የጣለው ጤና ጣቢያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 የአውሮፓውያን አሪያን 5 ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኮሰ። አቅጣጫውን የሚነግሩት ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ አንዱ ዋና፣ ሌላው ተጠባባቂ። ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ ፕሮግራማቸውም አንድ። ፕሮግራሙ የተወረሰው ከቀድሞው አሪያን 4 ነበር፤ ለዚያኛው ፍጥነት የሚበቃው ስሌት ለአዲሱ አልበቃ አለና ሞልቶ ፈሰሰ። መጀመሪያ ተጠባባቂው ቆመ። ወዲያው፣ ሰከንድ ሳይሞላ፣ ዋናው በዚያው ምክንያት ቆመ። ሥልጣኑን ለተጠባባቂው ላስረክብ ሲል ተጠባባቂው ቀድሞት ሞቷል። ሮኬቱ ከተነሳ ከ40 ሰከንድ በታች ሆኖት ሰማይ ላይ ተበታተነ።

ይህን ሳነብ ሳቅም አለቀስም አልኩ። የአክስቴ ኤክስቴንሽን እኮ ነው! ዋጋው ብቻ ነው የሚለየው።

* * *

አሁን ወደ ክትባት ልመለስ፤ የኢትዮጵያ ታሪክ እዚህ ላይ ይደምቃል።

አገራችን በፈንጣጣ ላይ የከፈተችው ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ። መንገድ በሌለበት ተራራና በረሃ ቀዝቃዛ ዕቃ ተሸክሞ መሄድ የማይታሰብ ነበር። ያዳነን ፍሪጅ አልነበረም፤ ድርቀት ነው። የፈንጣጣው ክትባት ቀዝቅዞ የደረቀ ዱቄት ነበርና በ37 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ እንኳ አንድ ወር ኃይሉን ሳያጣ ይቆያል። ከታቾች በእግርና በበቅሎ ይዘውት ሄዱ። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘ። በዓመቱ ሶማሊያ ላይ የዓለም የመጨረሻው ተመዘገበ።

ቀሪዎቹ ክትባቶች ግን እንደዚያ ታጋሽ አልነበሩም። በ1972 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መደበኛውን የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም ስትጀምር ኩፍኝ፣ ፖሊዮ፣ ቴታነስ፣ ትክትክ፣ ዲፍቴሪያና ሳንባ ነቀርሳን ይዞ የሚሄድ የቅዝቃዜ ሰንሰለት አስፈለገ፤ ከአዲስ አበባ መጋዘን እስከ መጨረሻዋ ቀበሌ። መብራት በሌለበት ሥራውን የያዘው የላምባ ፍሪጅ ነበር። ይህን ፍሪጅ እ.ኤ.አ. በ1922 ሁለት የስዊድን ተማሪዎች፣ ፎን ፕላተንና ሙንተርስ፣ ፈለሰፉት። የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ከሥር የምትነደው እሳት ናት ቅዝቃዜውን የምትሠራው። እሳት በረዶ ትሠራለች ብትሉት የኛ ሰፈር ሽማግሌ ማን ያምናችኋል?

ችግሩ መቆጣጠሪያው ነበር። ብዙውን ጊዜ ልኩን የሚጠብቀው የሰው ዓይን ነው። ክሩ ካልተስተካከለ ያጨሳል፤ ላምባው ካለቀ ይሞቃል፤ እሳቱ ከበዛ ደግሞ ክትባቱ በረዶ ይሆናል። ይህ ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው። ብዙ ሰው ክትባት የሚያበላሸው ሙቀት ብቻ ይመስለዋል። እንደ አምስት በአንዱ፣ ቴታነስና የጉበት በሽታ ክትባት ያሉት ግን በረዶ ከነካቸው ያበቃላቸዋል፤ በረዶው ቀልጦ ፈሳሹ ሲመለስ ምንም ያልሆነ ይመስላል።

ስለዚህ እዚህም ምስክሮች ተደረቡ፤ እያንዳንዳቸው የሌላውን ዕውርነት እንዲሸፍኑ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በብልቃጥ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ምልክት መጣች፤ ሙቀት ሲጠራቀምባት ቀለሟ ይጠቁራል። እሷ ግን በረዶን አታይም። በረዶን የሚያየው የመነቅነቅ ፈተና ነው፦ ሆን ተብሎ በረዶ የተደረገ ብልቃጥና የተጠረጠረው አብረው ይነቀነቃሉ፤ የተጎዳው ዝቃጩ ቶሎ ታች ይወርዳል። ቀጥሎ ሙቀቱን ለ30 ቀን የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ መጣ። ከ8 ዲግሪ በላይ ለ10 ሰዓት ከቆየ ወይም ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት ከቆየ ማስጠንቀቂያ ያስቀምጣል። ተራ ቴርሞሜትር የሚነግራችሁ ስለ አሁን ብቻ ነው፤ ይሄ ግን ስለ ቅዳሜ ሌሊት ይመሰክራል።

ፍሪጆቹም ተለወጡ። አንዱ ዓይነት ግድግዳው ውስጥ በረዶ አዝሎ መብራት ቢሄድ እንኳ በ43 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ከ20 ሰዓት በላይ ይቋቋማል። ሌላው በቀጥታ በፀሐይ የሚሠራ ነው፤ ባትሪ የለውም፣ ፀሐይ ብትጠፋ ለሦስት ቀን የሚበቃ ቅዝቃዜ አጠራቅሟል። በባትሪ ፈንታ በረዶ! እንግዲህ ይህ ነው ዓይነቱ የተለየ ሁለተኛ ጠባቂ።

ግን የመሣሪያ ድርብነትም ዳር አለው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ከሚሴ ደረሰ፤ የመንግሥት ኃይሎች ከተማዋን መልሰው የያዙት ኅዳር ማለቂያ ላይ ነው። በእነዚያ ወራት በአማራ ክልል በርካታ ሆስፒታሎች፣ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ተዘረፉ፣ ተሰባበሩ። ጦርነት ሶኬት ብቻ አይነቅልም። መብራቱን፣ ጄነሬተሩን፣ ነዳጁን፣ መንገዱንና ነርሷን በአንድ ቀን ይወስዳል። መሐንዲሶች "የጋራ ምክንያት" የሚሉት ነገር እንደዚህ ትልቅ ሲሆን ሁለተኛው ጠባቂ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ከተማም ውስጥ ሊሆን አይችልም።

* * *

ታዲያ ሁለተኛው የት ይቀመጥ? መልሱን ያገኘሁት ሌላ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ የዘር ፍሪጅ።

በ1968 እና 1969 ዓ.ም. መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ በጀርመን ድጋፍ አዲስ አበባ ላይ የአገሪቱ የእፅዋት ዘር ባንክ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው። ዘሩ በደንብ ይደርቅና ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። እዚህም ጠባቂው ሁለት ነው፤ ብርድና ድርቀት። የዘር ባለሙያዎች የሚያውቁት አንድ ጥሩ ግምት አለ፦ የዘሩ እርጥበት በአንድ ፐርሰንት ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ያህል ይረዝማል፤ ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ገደማ ሲወርድም እንደዚያው። ማቀዝቀዣው ለጥቂት ቀን ቢቆም የደረቀ ዘር ይታገሣል። የፈንጣጣው ዱቄት ዘመድ በሉት።

ከዚህ ፍሪጅ ውስጥ የኛ ነገር አለ። የወሎ ማሽላ! ስማቸውን ብቻ ስሙት፦ "ወተት በጉንጬ"፣ "ማር ጩቄ"። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎች ከወሎ በተሰበሰበ ማሽላ ውስጥ ላይሲን የሚባለው ጠቃሚ የፕሮቲን ክፍል ከተለመደው በጣም በዝቶ አገኙ። ገበሬው "ወተት" ብሎ ስም ሲያወጣለት ላቦራቶሪ አልጠበቀም።

ከዚያ 1977 መጣ። በዚያ ድርቅ ወሎ ላይ የሆነውን መተረክ አያስፈልገኝም፤ በየቤቱ አለ። የተራበ ሰው መጨረሻ ላይ የሚበላው ለዘር ያስቀመጠውን ነው። ዘር ሲበላ ደግሞ የሚጠፋው የዘንድሮ እህል ብቻ አይደለም፤ በመቶ ዓመት የተመረጠ ዓይነት አብሮ ይጠፋል። የዘር ባንኩን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እዚህ ላይ ያዩት ነገር ነው ትልቅ የሚያደርጋቸው። ፍሪጁ ብቻውን አይበቃም አሉ። ዘሩ ከፍሪጁ ወጥቶ ወደ ገበሬው ማሳ መመለስና በየዓመቱ እየተዘራ መኖር አለበት። በዚህ ሐሳብ ከገበሬዎች ጋር ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙ።

ይህን በአክስቴ ቋንቋ እንተርጉመው። ፍሪጁ በመብራት መጥፋት ይሞታል፤ ማሳው በመብራት መጥፋት አይሞትም። ማሳው በድርቅ ይሞታል፤ ፍሪጁ በድርቅ አይሞትም። ሁለት በር ያለው አንድ ነገር አይደሉም፤ የየራሳቸው ሞት ያላቸው ሁለት ናቸው። ተጠባባቂውም ዕቃ ሆኖ አይቀመጥም፤ በየክረምቱ ተራው ይደርሰዋል፣ ይዘራል።

* * *

አክስቴ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ከዚያ ሰኞ በኋላ ምን እንዳደረገች በቅርቡ ጠየቅኳት። ብዙ አይደለም አለችኝ። ኤክስቴንሽኑን አስጣለች፤ ለእያንዳንዱ ፍሪጅ የራሱ ሶኬት በግድግዳው ላይ እስኪገጠም ድረስ አለቃዋን አላስቀምጥ አለች። ሁለተኛውን ፍሪጅ ባዶ ከማቆየት ክትባቱን ለሁለት ከፈለችው፤ ስለዚህ ሁለቱም በየቀኑ ይፈተናሉ። በሩ ላይ ወረቀት ሰቀለች፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ይነበባል፣ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ቅዳሜና እሑድስ? "ለዘበኛው አሳየሁት" አለችኝ። ዘበኛው ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ቴርሞሜትሩ ላይ በ2 እና በ8 አጠገብ ቀይ መስመር አሰመረችላቸው። ቀዩን ካለፈ ይደውሉላታል።

"ደወሉልሽ?" አልኳት።

"ሁለት ጊዜ። አንዱን ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሄድኩ። የበረዶ ሳጥን ይዤ።"

ያቺ ከሩቅ የመጣች እናትስ? በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች። አክስቴ ልጅቷን የከተበቻት ራሷ ናት። ብልቃጡን ከመክፈቷ በፊት ግን ምልክቷን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ ለእናትየው ራሷ እንድታይ አቀበለቻት። "ሦስተኛ ዓይን አይጎዳም" አለችኝ፣ እየሳቀች።